የሙንሽሃውዘን ቤተሰብ

ሙንሽሃውዘን በሰሜን ጀርመን በታችኛው ሳክሶኒ የተነሣ የባላባት ቤተሰብ ነው። ስሙ በሰነድ ላይ መጀመሪያ የተገኘው በ1183 እ.ኤ.አ. ነው። የዘር ሐረጉ «ጥቁር» እና «ነጭ» ተብለው በሚጠሩ ሁለት መስመሮች ይቆጠራል፤ በጋሻቸው ላይ በትር የያዘ መነኩሴ ተሥሏል። በቤተሰቡ አፈ ታሪክ መሠረት ዘሩ ሊጠፋ ሲቃረብ አንድ መነኩሴ ገዳሙን ትቶ እንዲያገባና ሐረጉን እንዲያስቀጥል ተፈቅዶለታል።

ከቤተሰቡ ይበልጥ ሊታወስ የሚገባው ጌርላኽ አዶልፍ (1688–1770) ነው፤ የጎቲንገን ዩኒቨርሲቲን በማቋቋም ግንባር ቀደም ነበር። ዓለም የሚያውቀው ግን ቦደንቬርደር ላይ የተወለደውን ሂሮኒሙስን (1720–1797) ነው። በሩሲያ ጦር ያገለገለው ይህ ባሮን ለእንግዶቹ ያወጋቸው የነበሩት የተጋነኑ ገጠመኞች መነሻ ሆነውት፣ ሩዶልፍ ኤሪኽ ራስፔ የተባለ ጸሐፊ በ1785 በባሮኑ ስም የሚተረክ መጽሐፍ አሳተመ። ባሮኑ ሳይፈቅድ ስሙ የውሸት መጠሪያ ሆነ፤ ይህም በሕይወት ሳለ የደረሰበት በደል ነው።