አቤቱታ፣ ክስ እና ፓስፖርት፦ ከሕንድ የሕግ ታሪክ የምንማረው



የዛሬው ንግግሬ መነሻ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ያቀረበልኝ ጥያቄ ነው። ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ውጭ ሊሄድ ሲሰናዳ የፓስፖርቱ ዘመን ሊያልቅ ተቃርቦ ነበር። በዚያው ሰሞን የቀድሞ የንግድ ሸሪኩ ለፖሊስ አቤቱታ አቀረበበት። «መምህር፣ አሁን እኔ ተከሳሽ ነኝ ወይስ አይደለሁም? ፓስፖርቴንስ ማሳደስ እችላለሁ?» አለኝ። አጥጋቢ መልስ አልሰጠሁትም። ጥያቄው ግን አልለቀቀኝም፤ ወደ ሕንድ የሕግ ታሪክ የመራኝም እርሱ ነው። ሕንድን የመረጥሁት ይህ ጥያቄ በፍርድ ቤት ደረጃ በደረጃ ሲፈተሽ የኖረበት አገር በመሆኑ ነው።

እስከ እ.ኤ.አ. 1967 ድረስ ሕንድ ለዜጎቿ ፓስፖርት የሚሰጥበትንና የሚነሣበትን ሥርዓት የሚወስን ሕግ አልነበራትም። በእንግሊዝ ዘመን የወጣው የ1920ው ሕግ የሚመለከተው ወደ አገር የሚገባውን ሰው ነበር። ስለዚህ መስጠትም መከልከልም የአስፈጻሚው ፈቃድ ሆኖ ኖረ። በ1966 አንድ ነጋዴ ፓስፖርቶቹን እንዲመልስ ታዘዘ። መንግሥት ያቀረበው ምክንያት ሰውየው ከአስመጪነት ፈቃድ ጋር በተያያዘ ጥፋት በምርመራ ላይ እንደሚገኝና ከአገር ከወጣ ለፍርድ ላይመለስ እንደሚችል ነበር። ክስ ገና አልተመሠረተበትም።

የሳትዋንት ሲንግ ጉዳይ ተብሎ በሚታወቀው በዚህ ክርክር የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሚያዝያ ወር ላይ፣ በ1967፣ በሦስት ለሁለት ድምፅ ለነጋዴው ፈረደ። በዋና ዳኛው በሱባ ራኦ የተመራው አብላጫ ድምፅ ወደ ውጭ አገር መጓዝ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 የተጠበቀው የግል ነፃነት አካል መሆኑን ገለጸ፤ ያለ ሕግ ሊነፈግ አይችልም። ዳኛ ሂዳያቱላ ግን በልዩነት ቆሙ። ለእርሳቸው ፓስፖርት መንግሥት ለሌላ መንግሥት የሚጽፈው የአደራ ሰነድ ስለሆነ ማንም በመብትነት ሊጠይቀው አይችልም። ይህን የልዩነት ሐሳብ በቀላሉ ማለፍ አይገባም። ተበዳይ ፍትሕ እየጠበቀ ተጠርጣሪው እንዳይሰወር ማድረግ የመንግሥት ግዴታ ነውና።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ለታሪክ ተማሪ ትልቅ ትምህርት አለው። ፍርድ ቤቱ «ሕግ የለም» ስላለ መንግሥት በሳምንታት ውስጥ አዋጅ አወጣ፤ በሰኔ ወርም ፓርላማው የፓስፖርት ሕጉን አጸደቀ። ነጋዴው የተቃወመው ክልከላ አሁን በሕግ ተጻፈ። ነገር ግን ሲጻፍ ጠበበ። የሕጉ አንቀጽ 6 አመልካቹ ፈጸመው በተባለ ወንጀል «በወንጀል ፍርድ ቤት» በመታየት ላይ ያለ ጉዳይ ሲኖር ፓስፖርት እንደሚከለከል ይደነግጋል። በኋላ በርካታ የክፍላተ አገር ከፍተኛ ፍርድ ቤቶች «ፍርድ ቤት» በሚለው ቃል ላይ ተመሥርተው፣ በፖሊስ ዘንድ የተመዘገበ አቤቱታ ወይም ያላለቀ ምርመራ ብቻውን በቂ አለመሆኑን አስረዱ። ጉዳዩን የሚመለከት ዳኛ ሳይኖር በፍርድ ቤት ያለ ጉዳይ ሊኖር አይችልም።

ሁለተኛው ምዕራፍ የማኔካ ጋንዲ ጉዳይ ነው። በ1977 ፓስፖርታቸውን በሰባት ቀን ውስጥ እንዲመልሱ ታዘዙ፤ ምክንያቱን ሲጠይቁም «ለሕዝብ ጥቅም ሲባል» አይገለጽም ተባሉ። በጥር ወር 1978 ሰባት ዳኞች የተሰየሙበት ችሎት ሕግ መኖሩ ብቻ እንደማይበቃ፣ ሥርዓቱ ፍትሐዊና ምክንያታዊ መሆን እንዳለበት፣ ሰውም ሳይሰማ ሊወሰንበት እንደማይገባ ወሰነ። ፓስፖርቱ ግን ወዲያውኑ አልተመለሰላቸውም፤ መንግሥት ሊሰማቸው ቃል ገባ። ትልቁ መርህ የተገኘው ባለጉዳይዋ ባዶ እጃቸውን በቆዩበት ፍርድ ነው።

ሦስተኛው እርምጃ በነሐሴ ወር 1993 የወጣው የመንግሥት ማስታወቂያ ነው። ጉዳዩ በፍርድ ቤት ያለበት ሰው ከዚያው ፍርድ ቤት ወደ ውጭ የመሄድ ፈቃድ ካገኘ፣ በተፈለገ ጊዜ እንደሚቀርብም በጽሑፍ ካረጋገጠ፣ ፓስፖርት ይሰጠዋል። ዘመኑን ፍርድ ቤቱ ይወስናል፤ ካልወሰነ ለአንድ ዓመት ይሆናል። ለአዋቂ የሚሰጠው መደበኛ ፓስፖርት አሥር ዓመት የሚያገለግል ስለሆነ፣ ይህ ሰው ክርክሩ እስኪያልቅ በየጊዜው ወደ ችሎት ይመላለሳል ማለት ነው።

ከዚህ ታሪክ የምወስደው ፍሬ ነገር አንድ ነው። ፓስፖርት መያዝና ከአገር መውጣት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መሰወርን የሚከለክለው የዳኛ ትእዛዝና የዋስትና ግዴታ ነው። የፓስፖርት እድሳትን መንፈግ ግን ውጭ አገር ያለውን ተጠርጣሪ ለፍርድ እንዳይመለስ እስከ ማገድ ሊደርስ ይችላል።

የእኛ ሕገ መንግሥትም ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ በአንቀጽ 32 በፈለጉት ጊዜ ከአገር የመውጣትን፣ ለዜጋም ወደ አገሩ የመመለስን መብት አስፍሯል፤ በአንቀጽ 20 ደግሞ የተከሰሰ ሰው በፍርድ ሂደት ላይ ሳለ እንደ ጥፋተኛ እንዳይቆጠር ይደነግጋል። በእነዚህ ሁለት አንቀጾች መካከል ያለውን ቦታ በጥናት መሙላት የእናንተ የወጣቶቹ ሥራ ነው።

የተማሪዬ አቤቱታ ከወራት በኋላ ክስ ሳይመሠረትበት ተዘጋ። ፓስፖርቱን ማንም አልከለከለውም። የት እንደቆመ የሚነግረው ሰው ስላጣ ለማሳደስ ፈርቶ፣ ሳያመለክት ቆየ እንጂ። የትምህርት ዕድሉ ጊዜ ግን አለፈ። ያን ዕለት የዛሬውን ያህል ባውቅ ኖሮ፣ ቢያንስ «አቤቱታና ክስ አንድ አይደሉም፤ ሄደህ ጠይቅ» እለው ነበር።