«ጭብጥ»፦ የአንድ የሂስ ቃል ታሪክና የከምባታ ሴቶች የባሊሻ ንግግር

በአማርኛ የሥነ ጽሑፍ ሂስ ከሚያዘወትራቸው ሙያዊ ቃላት መካከል እንደ «ጭብጥ» በብዛት የሚነገር፣ እንደ «ጭብጥ» በጥቂቱ የተመረመረ ያለ አይመስለንም። ሁለት ወይም ሦስት ድርሰቶች ሲነጻጸሩ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ጭብጣቸው ምንድን ነው?» ተብሎ ነው። ድርሰቶቹ በአንድ ቋንቋ የተጻፉ ሲሆኑ ጥያቄው ቀላል ይመስላል። አንዱ በአማርኛ የታተመ ልብ ወለድ፣ ሌላው በሆሳዕና ወይም በዱራሜ ዙሪያ ከአፍ ወደ አፍ የሚተላለፍ ሥነ ቃል ሲሆን ግን ቃሉ ራሱ ሊመረመር ይገባል።

የቃሉ መነሻ «ጨበጠ» የሚለው ግስ ነው። ጭብጥ በእጅ የተያዘ፣ በመዳፍ የተጨበጠ ነገር ነው። በፍርድ ቤት ደግሞ ጭብጥ ማለት አንደኛው ተከራካሪ የሚያረጋግጠው፣ ሌላው የሚክደው፣ ዳኛውም መርምሮ ሊወስንበት የሚገባው ነጥብ ነው። በሂስ የድርሰቱ ማዕከላዊ ሐሳብ ማለት ሆኖ ይሠራበታል። ሦስቱ ፍቺዎች ከአንድ ሥር ቢበቅሉም እኩል አይደሉም። በመዳፍ የተያዘ ነገር ያለቀለት ነው፤ በችሎት የተያዘ ጭብጥ ግን ገና ክርክር ያለበት ነው። ድርሰቶችን ለማነጻጸር የሚጠቅመው የችሎቱ ፍቺ ነው እንላለን፤ ምክንያቱንም ከዚህ በታች እናብራራለን።

የአገራችን የትርጓሜ ትውፊት የራሱ የሆኑ ሙያዊ ቃላት ነበሩት፤ ዛሬም አሉት። የቅኔ መምህራን በሰምና ወርቅ፣ የመጻሕፍት መምህራን በአንድምታ፣ ሁለቱም በምሥጢር ይነጋገራሉ። ልብ ወለድ ግን አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተመው መጽሐፍ ከወጣ በኋላ ስለ ሰዎች ጠባይ፣ ስለ ቦታና ስለ ዘመን የሚነጋገሩባቸውን ሌሎች ቃላት ጠየቀ። ቅርጹ ቀድሞ ገባ፤ ስያሜው ዘግይቶ ደረሰ። «መቼት» ከ«መቼ» እና ከ«የት» ተገጣጥሞ፣ «ገጸ ባሕርይ» ደግሞ ከሁለት የግእዝ ቃላት ተዋቅሮ ተወለደ። ከእነዚህ ስያሜዎች በርከት ያሉትን በመፍጠርና በማስለመድ ስሙ የሚነሣው ገጣሚውና መምህሩ ደበበ ሰይፉ ነው። በ1964 ዓ.ም. የተቋቋመው፣ ከአብዮቱም በኋላ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ የተባለው ተቋም ሙያዊ ቃላትን ማጥናት ከሥራዎቹ አንዱ አደረገ።

«ጭብጥ» በዚህ ጉዞ ውስጥ የተለያዩ ንድፈ ሐሳቦችን ተሸክሟል። በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከሩሲያ ቅርጻውያን አንዱ የነበረው ቶማሼቭስኪ ጭብጥን የድርሰቱን ክፍሎች ሁሉ አንድ የሚያደርግ ሐሳብ አድርጎ አስቀመጠው። ፕሮፕ በ1928 (እ.ኤ.አ.) በተረቶች ላይ ባሳተመው ጥናት ትኩረቱን ወደ ባለ ታሪኮቹ ተግባርና ወደ ተግባሮቹ ቅደም ተከተል አዞረ። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ በአገራችን የተስፋፋው ማርክሳዊ ሂስ ከጭብጥ የመደብ ቅራኔን ፈለገ። ቀጥሎ የመጣው እንስታዊ ሂስ ደግሞ በድርሰቱ ውስጥ ማን እንደሚናገርና ማን ዝም እንዲል እንደተደረገ ጠየቀ።

አሁን ወደ ሐዲያና ከምባታ እንሻገር። ሐዲይኛና ከምባትኛ የደጋማው ምሥራቅ ኩሽ ቋንቋዎች ናቸው። አገሩ በቀድሞው አስተዳደር በሸዋ ክፍለ ሀገር ሥር የከምባታና ሐዲያ አውራጃ ይባል ነበር፤ ዋና ከተማው ሆሳዕና ነበረች። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሂደት 15 ቋንቋዎችን ሲያዳርስ ሁለቱም ከመካከላቸው ነበሩ፤ የተጻፉትም በግእዝ ፊደል ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማርን አጸና፤ ጽሕፈቱም ወደ ላቲን ፊደል ዞረ። በሁለቱ ቋንቋዎች የአናባቢ መርዘምና የተነባቢ መጥበቅ የቃልን ፍቺ ይለያሉ፤ የግእዝ ፊደል በተለመደው አጻጻፍ ሁለቱንም አያሳይም። ፊደሉ ይህን ያህል ክርክር ሲያስነሣ የሥነ ጽሑፍ ስያሜዎቹ ጉዳይ ግን ያን ያህል አላነጋገረም።

ጉዳቱ የት ላይ እንደሚገኝ ለማሳየት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በከምባታ ባህል ያገባች ሴት የባሏን ወላጆች ስም አትጠራም። ክልከላው በስሙ አያበቃም፤ ከስሙ ጋር በመነሻ ድምፅ የሚመሳሰሉትን ሌሎች ቃላትም ትተዋለች። ነገሩን ወደ አማርኛ ብናመጣው፣ አማቷ «ደስታ» የሚባል ሴት «ደመና» እና «ደጅ» የሚሉትን ቃላት ማንሣት አይፈቀድላትም እንደ ማለት ነው። በምትካቸው ተመሳሳይ ቃል ትፈልጋለች፣ በዙሪያ ጥምጥም ትገልጻለች፣ ከሌላ ቋንቋ ትዋሳለች፣ ወይም ለዚሁ ተብሎ የተለመደውን ተተኪ ቃል ትጠቀማለች። ይህ የንግግር ልማድ ባሊሻ ይባላል። በሲዳማም በዚሁ ስም ይታወቃል። የሲዳማውን አንበሳ ተፈራ፣ የከምባታውን ኢቮን ትራይስ አጥንተውታል። ልማዱ በአዲሱ ትውልድ ዘንድ እየደከመ ነው።

ይህን ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» ጋር እናነጻጽር። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ ልብ ወለድ ስለ ዘር ቆጠራና ስለ ሥልጣን ይናገራል። ፊታውራሪ መሸሻ በዘራቸው ይኮራሉ፤ ሰብለ ወንጌል በዚያ ኩራት ታጥራ ትቀራለች። ሥርዐቱን በግልጽ የሚነቅፈው ካሳ ዳምጤ በኅብረተሰቡ «ጉዱ» የሚል ቅጽል ይለጠፍበታል። የባሊሻንም የልብ ወለዱንም ጭብጥ «አክብሮትና ሥልጣን» ብለን ልናልፍ እንችላለን። እንዲህ ያለው ንጽጽር ስሕተት አይኖርበትም፤ ጥቅምም አይኖረውም።

በችሎቱ ፍቺ ብንሄድ ግን ልዩነቱ ይወጣል። በልብ ወለዱ ክርክሩ በገጸ ባሕርያት አፍ ይነገራል፤ አንዱ ያረጋግጣል፣ ሌላው ይክዳል። በባሊሻ ክርክሩን የሚሸከመው የቃሉ ምርጫ ነው። ማርክሳዊው ሐያሲ በዚህ ውስጥ የሥልጣን ተዋረድን ያያል። እንስታዊው ሐያሲ ዝምታውን ያያል፤ ነገር ግን ዝም የተባለችው ሴት ለእያንዳንዱ ክልክል ቃል ሌላ እየፈለገች የቋንቋውን የቃላት ሀብት እንደምታሰፋም መዘንጋት የለበትም። ቅርጻዊው ደግሞ በዚህ ስፍራ ቅርጽና ጭብጥ ሊነጣጠሉ እንደማይችሉ ይመሰክራል። ሦስቱም ንድፈ ሐሳቦች ያስፈልጋሉ። ይሁን እንጂ ቃሉ ራሱ በጽሑፍ ካልተገኘ ሦስቱም የሚመረምሩት የላቸውም።

የመዝገበ ቃላት ሥራ እዚህ ላይ ይመጣል። አንድ የሥነ ቃል ሰብሳቢ ያገባች ሴት የነገረችውን ተረት ሲቀዳ «ያልተለመደ ቃል» አግኝቶ በተለመደው ቢተካው፣ አንባቢ የሚደርሰው የታረመ ተረት ነው፤ ክርክሩ ግን ከተረቱ ወጥቷል። ስለዚህ ሦስት ነገሮችን እናሳስባለን። አንደኛ፣ የባሊሻ ቃላት በከምባትኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ የራሳቸው ምልክት ተሰጥቷቸው፣ ከሚተኩት ቃል ጋር ተጠቃቅሰው ይግቡ። ሁለተኛ፣ ሥነ ቃል ሲሰበሰብ የተናጋሪዋ ጾታና የጋብቻ ሁኔታ ከጽሑፉ ጋር ይመዝገብ፤ የአማቶቿ ስም ግን በሕትመት አይውጣ፤ እርሷ ያከበረችውን እኛ ልንገልጠው አይገባንም። ሦስተኛ፣ ለሐዲይኛና ለከምባትኛ የሂስ ስያሜ ከማዘጋጀታችን በፊት ተናጋሪዎቹ ተረትን ከተረት፣ ዘፈንን ከዘፈን የሚለዩባቸውን ቃላት እንሰብስብ። «መቼት» እና «ገጸ ባሕርይ» ከቋንቋው ውስጥ በቀሉ እንጂ እንደ እቃ ተጭነው አልመጡም። በሆሳዕናና በዱራሜ ያሉ መምህራንም ይኸው ዕድል ይገባቸዋል።

ሥራው ብዙ ጊዜ የሚሰጥ አይደለም። ባሊሻን በልጅነታቸው የሰሙ፣ በትዳር ዘመናቸውም የተናገሩት እናቶች ዛሬ አርጅተዋል። ንድፈ ሐሳብ ነገም ይደርሳል፤ የእነርሱን ቃል ለመቅዳት ግን ነገ አይበቃም።