ፍቅር አበባ ሲበትን፦ የ1625ቱ የንጉሣዊ ሠርግ ሜዳሊያ

ፎቶ ባልነበረበት ዘመን የአውሮፓ ነገሥታት ሠርጋቸውን ለሕዝብ ከሚያሳዩባቸው መንገዶች አንዱ ሜዳሊያ ነበር። ኪስ ውስጥ ይገባል፣ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ ማንበብ የማይችልም ምስሉን አይቶ ይረዳዋል። የእንግሊዙ ንጉሥ ቀዳማዊ ቻርልስ የፈረንሳይዋን ልዕልት ሄንሪታ ማሪያን ሲያገባ የወጣው የብር ሜዳሊያ ከነዚህ አንዱ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ምን ይታይበታል?

ስፋቱ 2.5 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። በአንድ በኩል ሙሽሮቹ ፊት ለፊት ይተያያሉ። በጀርባው የሮማውያን የፍቅር አምላክ፣ ክንፋሙ ኪዩፒድ፣ አበባ ይበትናል። ዙሪያውን በላቲን «ፍቅር ሊሊን ከጽጌረዳ ቀላቅሎ ይበትናል» የሚል ተጽፏል፤ ከሥር 1625 ይላል።

አበቦቹ ለጌጥ ብቻ የገቡ አይደሉም። ጽጌረዳ የእንግሊዝ ዘውድ ምልክት ነው፤ ሊሊ ደግሞ የፈረንሳይ። መልእክቱ «ሁለቱ መንግሥታት ተዛመዱ» ነው።

እውነታውስ?

ቻርልስ በ1623 የስፔንን ልዕልት ለማግባት ማድሪድ ድረስ ሄዶ አልተሳካለትም። ከዚያ ፊቱን ወደ ስፔን ተቀናቃኝ ወደ ፈረንሳይ አዞረ። ሙሽራዋ የንጉሥ ሉዊ 13ኛ እህት ስትሆን ገና 15 ዓመቷ ነበር፤ እሱ 24።

ሜዳሊያው ላይ ይተያዩ እንጂ፣ ፓሪስ ኖትርዳም ደጃፍ ላይ ጋብቻው ሲፈጸም ቻርልስ እዚያ አልነበረም! በእሱ ፈንታ የቆመው የሼቭረዝ መስፍን ነው። ባልና ሚስቱ የተገናኙት በሰኔ፣ ዶቨር ላይ ነበር።

ችግሩም ቶሎ መጣ። እሷ ካቶሊክ፣ አገሩ ፕሮቴስታንት። በ1626 በፕሮቴስታንት ሥርዓት ዘውድ አልጭንም አለች። በዚያው ዓመት ንጉሡ አብረዋት ከመጡት ፈረንሳውያን አብዛኞቹን ወደ አገራቸው መለሰ። በ1627 ደግሞ ሁለቱ አገሮች ጦርነት ገቡ። ሊሊና ጽጌረዳ የተቀላቀሉበት ሜዳሊያ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር።

የሚገርመው፣ ፍቅሩ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ከ1628 በኋላ ጥንዶቹ በጣም ተቀራረቡ፤ ሁለት ወንዶች ልጆቻቸውም በተራ ነግሠዋል። አገሪቱ ግን ንግሥቲቱን አላመነቻትም። የእርስ በርስ ጦርነት በ1642 ሲነሳ እሷ ለባሏ የጦር መሣሪያ ለመግዛት ጌጣጌጥ ይዛ ሆላንድ ሄዳ ነበር። ቻርልስ በጥር 1649 አንገቱ ተቀላ፤ እሷ ፈረንሳይ ውስጥ በ1669 አረፈች።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ሜዳሊያ ስታዩ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ምስሉ ምን እየተመኘ ነው? ምንስ ትቷል? የ1625ቱ ኪዩፒድ ሃይማኖትንም፣ የሙሽራዋን ዕድሜም አይነግረንም።

በነገራችን ላይ፣ ብዙ ሐበሾች የሚኖሩባት የአሜሪካዋ ሜሪላንድ ስሟን ያገኘችው ከዚህችው ንግሥት ነው።