የጎልጂና የካሃል ሙግት

እ.ኤ.አ. በ1906 ዓ.ም. የሕክምና ኖቤል ሽልማት ለሁለት ሰዎች በእኩል ተሰጠ፤ ለጣሊያናዊው ካሚሎ ጎልጂና ለስፔናዊው ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካሃል። ሁለቱም የተሸለሙት የነርቭን ሥርዓት አወቃቀር በማሳየታቸው ነው። የሚያምኑት ግን ተቃራኒውን ነበር።

የሙግቱ ሥር ያለው በ1873 ነው። ጎልጂ በአቢያቴግራሶ፣ የማይድኑ ሕሙማን በሚጦሩበት ሆስፒታል ሐኪም ሳለ፣ ወጥ ቤት የነበረችን ክፍል ቤተ ሙከራው አድርጓት ነበር። በዚያም የአንጎል ቁራጭን በፖታሺየም ዳይክሮሜት አጠንክሮ በብር ናይትሬት ቢነክረው፣ ከሕዋሳቱ ጥቂቶቹ ከነቅርንጫፋቸው ጠቁረው በቢጫ መደብ ላይ ጎልተው ወጡ። ደግነቱ ጥቂቶቹ ብቻ መሆናቸው! ሁሉም ቢጠቁሩ ኖሮ የሚታየው ጥላሸት ብቻ በሆነ ነበር።

ጎልጂ ያየው መረብ ነው፤ ክሮቹ እርስ በርስ ተዋሕደው ያልተቋረጠ ድር የሠሩበት።

ካሃል ዘዴውን ያየው በ1887 በማድሪድ ነበር። በልጅነቱ ሠዓሊ ለመሆን ይመኝ ነበር፤ ሐኪሙ አባቱ ምኞቱን አልወደደለትም፤ እጁ ግን ሥዕልን አልረሳም። በባርሴሎና የአእዋፍንና የፅንሶችን አንጎል እየመረመረ ይሥል ጀመር። በፅንስ ውስጥ ክሮቹ በቅባታማ ሽፋን ገና ስላልተጠቀለሉ ቀለሙ በሚገባ ይይዛቸዋል። በሣለው ሁሉ ክሩ ከሌላው ሕዋስ ዘንድ ደርሶ ይቆማል፤ ይነካካል እንጂ አይዋሐድም። መልእክቱ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ከቅርጹ ገምቶ በሥዕሎቹ ላይ በቀስት አመለከተ። ሰሚ ሲያጣም በ1889 ናሙናዎቹን ተሸክሞ በርሊን ሄደና ሊቃውንቱን በማይክሮስኮፑ አሳያቸው። በ1891 ቫልዳየር ሕዋሱን ኒውሮን አለው፤ በ1897 ሼሪንግተን መገናኛውን ሲናፕስ ብሎ ሰየመው።

በስቶክሆልም ጎልጂ ቀድሞ ተናገረ፤ ንግግሩንም የኒውሮንን ትምህርት ለመንቀፍ አዋለው። በማግስቱ ካሃል ማስረጃውን ዘረጋ።

በ1921 ኦቶ ለዊ የአንድ እንቁራሪት ልብ የሚያዘገየውን ነርቭ ቀስቅሶ፣ ልቡ የነበረበትን ፈሳሽ ወደ ሌላ ልብ ቢያዛውር ያም ዘገየ፤ ነርቭ በኬሚካል እንደሚናገር ታወቀ። ክፍተቱ ራሱ የታየው በ1950ዎቹ፣ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ነው፤ ስፋቱ ከሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ሃያ ያህል። ጎልጂ በ1926፣ ካሃል በ1934 ስላረፉ አንዳቸውም አላዩትም።

በጎልጂ መሳቅ ግን አይቀናኝም። በ1957 በአንድ የንጹሕ ውኃ ክሬይፊሽ ነርቭ ላይ፣ የኤሌክትሪክ ኃይል ያለ ኬሚካል ከሕዋስ ወደ ሕዋስ በቀጥታ ሲያልፍ ተገኘ። እንዲህ ያሉ መጋጠሚያዎች፣ ጥቂት ቢሆኑም፣ በእኛም አንጎል ውስጥ አሉ።