በቤተ ክርስቲያን ተጋባን ወይስ በማዘጋጃ ቤት?

ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ጠበላ፣ ወይም በሁምቦ ወረዳ ካሉት የገጠር አጥቢያዎች በአንዱ ሰርግ ላይ ተገኝተው ያውቁ ይሆናል። መዘምራን ይዘምራሉ፤ መጋቢው ቃል ያካፍላል፤ ሙሽሮቹ በጉባኤው ፊት ቃል ኪዳን ይገባሉ፤ ምስክሮች ይፈርማሉ፤ የጋብቻ ምስክር ወረቀት ይሰጣል፤ ከዚያ ወደ ግብዣው ነው። እነዚህ ሁለት ሰዎች በመንግሥት ሕግ ፊት ተጋብተዋል ወይስ ገና ይቀራቸዋል?

በመካከላችን ሁለት መልስ ይሰማል። አንዱ ወገን “የቤተ ክርስቲያኑ ለእግዚአብሔር ነው፤ በሕግ የሚጸናው የማዘጋጃ ቤቱ ነው” ይላል። ሌላው ደግሞ “ማዘጋጃ ቤት መፈረም ወረቀት ብቻ ነው፤ ጋብቻ የሚሆነው ሲባረክ ነው” ይላል። ሁለቱም ስሕተት ነው፤ በስሕተቱም የሚጎዱ ሰዎች አሉ።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ጋብቻ በሦስት መንገድ ሊፈጸም እንደሚችል ይደነግጋል፤ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓት፣ ወይም በባህል ሥርዓት። በየትኛውም መንገድ ቢፈጸም የሚያስከትለው ውጤት አንድ ነው። ይህ አዋጅ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው፤ ክልሎች የራሳቸውን ያወጣሉ። ዛሬ ሁምቦ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል አካል ናት፤ በፊት የነበረችበት የደቡብ ክልል ግን በ1996 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ አውጥቶ ነበር፤ በዚህ ጉዳይ ከፌዴራሉ ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ በጉባኤው ፊት ቃል የገቡት ሙሽሮች ዕድሜያቸው ከደረሰ፣ በፈቃዳቸው ከሆነና ሌላ ጋብቻ ከሌለባቸው፣ በዚያው ቀን በሕግም ባልና ሚስት ሆነዋል። ሁለተኛ ጋብቻ በማዘጋጃ ቤት መፈጸም አያስፈልጋቸውም። የሚቀራቸው ማስመዝገብ ነው።

አሁን ነገሩን ገልብጠን እንየው። ሁለት እጮኛሞች ሰርጋቸው ሳይደርስ ለቪዛ፣ ለቤት ወይም ለሥራ ዝውውር ሲሉ ማዘጋጃ ቤት ሄደው ይፈራረማሉ። ለሽማግሌዎች ሲጠየቁ “ለወረቀት ብለን ነው” ይላሉ፤ ቤተ ክርስቲያንም እጮኛሞች ብላ ትጠራቸዋለች። ከስድስት ወር በኋላ ተጣሉና “ተለያየን” አሉ። በእኛ አነጋገር እጮኝነት ፈረሰ። በሕግ ግን ባልና ሚስት ናቸው፤ ፍቺን የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው። ያ ወጣት ፍቺ ሳያገኝ ሌላ እህት አግብቶ መጋቢው ቢባርክለት፣ ያ ሰርግ በጋብቻ ላይ ጋብቻ ነው፤ በሕጉም ክልክል ነው። በክብር መዝገብ ሹም ፊት “እስማማለሁ” ያለ ሰው ቃል ሰጥቷል። ወረቀት የምንለውን ነገር እንዲህ ማቅለላችን ይገርመኛል፤ ቃላችን አዎን ከሆነ አዎን እንዲሆን የተማርን ሰዎች ነን (ማቴዎስ 5፥37)።

አባቶቻችን ይህን በደንብ ያውቁ ነበር። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ከቁርባን ጋብቻ ሌላ የሰማንያ ጋብቻ ነበረ፤ በሽማግሌዎችና በምስክሮች ፊት የሚደረግ ውል ነው። ዛሬም ከተሜው የጋብቻ ወረቀቱን “ሰማንያ” ይለዋል፤ ሲፋታም “ሰማንያውን ቀደደ” ይባላል።

ማስመዝገብን ቸል የማለታችን ምክንያቱ ስንፍና ብቻ አይደለም፤ ታሪክ አለው። የሱዳን ውስጥ ሚሽን ሰዎች ወላይታ የደረሱት በ1920 ዓ.ም. ነው። የአገሪቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው፤ ሕጉ የሃይማኖትና የባህል ጋብቻን ቢቀበልም፣ ስለ ክብር መዝገብ የሚናገረው ክፍል ግን ተግባራዊ ሳይሆን ለአሥርተ ዓመታት ቆየ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ (ቁጥር 760) የወጣው በ2004 ዓ.ም. ነው፤ ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ደግሞ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ነው። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት በገጠር የተጋቡ ምእመናን ማስረጃቸው የሽማግሌዎቹ ምስክርነትና የአጥቢያው መዝገብ ነበር። የኖሩትም በዚያው ነው። አሁን ግን መዝገቡ በየቀበሌው ተከፍቷል፤ ጋብቻም በተፈጸመ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት።

አለመመዝገብ ጋብቻውን አያፈርሰውም። ሆኖም ባል ሲሞት የሚመጣውን ጣጣ ያስቡት። ሚስት የጡረታ አበል ወይም ውርስ ልትጠይቅ ስትሄድ ማስረጃ አምጪ ትባላለች። ሕጉ ምስክር ወረቀት ለሌላቸው ሰዎች እንደ ባልና ሚስት ይኖሩ እንደነበር፣ ቤተሰብና ማኅበረሰቡም እንደዚያ ያያቸው እንደነበር በምስክር ማስረዳትን ይፈቅዳል። ይሁን እንጂ በሐዘን ላይ ያለች እህት ምስክር ይዛ በፍርድ ቤት ደጅ የምትመላለሰው፣ ያን ጊዜ አንድ ቀን ቀበሌ ባለመሄዳቸው ነው። ሌላ ሴት “እኔም ሚስቱ ነኝ” ብላ ከመጣች ደግሞ ነገሩ ይከፋል። ይህ ሩቅ አይደለም፤ በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ካገቡት ሴቶች 11 በመቶዎቹ ጣውንት እንዳለባቸው ተናግረዋል።

አንዳንድ ወገኖች “መንግሥት በተቀደሰው ነገር ምን አገባው?” ይላሉ። ቦዔዝ ሩትን ለማግባት የሄደው ወደ ከተማይቱ በር ነው፤ በዚያም አሥር ሽማግሌዎችን አስቀምጦ፣ ነገሩን በሕዝብ ፊት ጨርሶ፣ ምስክር አቆመ (ሩት 4)። ሽማግሌዎቹና ሕዝቡም እዚያው በሩ ላይ መረቁት። በሚልክያስ 2፥14 ደግሞ በባልና በሚስት መካከል ምስክር የሆነው እግዚአብሔር ራሱ መሆኑን እናነባለን። ውሉና ቃል ኪዳኑ አይጣሉም። ማርቲን ሉተርም እ.ኤ.አ. በ1529 ባዘጋጀው የጋብቻ መጽሐፍ ጋብቻን የዓለማዊው አስተዳደር ጉዳይ አድርጎ ቆጥሮታል፤ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ለሚጠይቋት በቃሉና በጸሎት ትባርካለች። እንግሊዛውያኑ ፒዩሪታኖች በፕሊመዝ በ1621 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ሰርጋቸውን ያደረጉት በዳኛ ፊት ነበር። በፈረንሳይ ከ1792 እ.ኤ.አ. ወዲህ በሕግ የሚጸናው የመንግሥቱ ጋብቻ ብቻ ነው። የእኛ አገር ሕግ የአጥቢያን ሰርግ እንዳለ መቀበሉ ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ ትልቅ አመኔታ ነው ማለት ይቻላል።

አመኔታው ግን ኃላፊነት አለበት። ልጅቷ 18 ዓመት ካልሞላት የመጋቢው ቡራኬ ነገሩን አያድነውም፤ ያለ ዕድሜ ጋብቻ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648 ያስቀጣል። ከዚህ በፊት የነበረው የወንጀል ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ቢያገባት ከክስ ያድነው ነበር፤ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕግ ይህን አስቀርቷል። እንግዲህ “ከሆነ ሆነ፣ እናስታርቃቸው” የሚል ሽምግልና የልጅቷን ፈቃድ ሳይጠይቅ መቀጠል አይችልም።

በፈቃዳቸው ኮብልለው፣ ቤተሰብ በሽማግሌ አስታርቆ በባህሉ መሠረት ጋብቻው ካለቀ በኋላ ወደ አጥቢያቸው የሚመለሱ ወጣቶች አሉ። ሽማግሌዎች ስለ አካሄዳቸው ሊገሥጹአቸው፣ ለጊዜው ከአገልግሎት ሊያግዱአቸው ይችላሉ፤ ይህ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነው፤ ሕጉ በዚህ ውስጥ አይገባም። “እስክንባርካችሁ ድረስ ባልና ሚስት አይደላችሁም፤ ተለያይታችሁ ቆዩ” ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። የባህሉ ሥርዓት ከተሟላ ጋብቻ ነው። ሚስትን ወደ አባቷ ቤት መመለስ ንስሐ አይሆንም። በሌላ በኩል ፍርድ ቤት ያፋታውን ሰው ሁሉ ዳግመኛ ለማጋባት ቤተ ክርስቲያን አትገደድም፤ በቃሉ መሠረት ትመረምራለች።

እርስዎ በዚህ ዓመት የሚያገቡ ከሆነ፣ ወይም ሰርግ የሚያስፈጽም የአጥቢያ ሽማግሌ ከሆኑ፣ የቤተ ክርስቲያኑን የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የሁለቱንም መታወቂያና ፎቶግራፍ ይዘው ምስክሮቹን ቀበሌ ለመውሰድ ከግብዣው በፊት ቀን ይቁረጡ። ሌላ ምን እንደሚያስፈልግ የቀበሌው መዝጋቢ ይነግርዎታል። ከ2008 ዓ.ም. በፊት የተጋባችሁም ማስረጃ አቅርባችሁ የምትመዘገቡበት መንገድ አለ፤ የአጥቢያው የጋብቻ መዝገብ አይጥ ሳይበላው፣ የፈረሙት ሽማግሌዎችም በሕይወት ሳሉ።