ፐርፊውዥን

ደም በቀጫጭን ሥሮች አልፎ ወደ ሕዋሳት የሚዳረስበት ሂደት ነው። ከጆሮ ሥር፣ በምራቅ ዕጢ ላይ እብጠት ሲወጣ ቃሉ ከኤምአርአይ ጋር ይነሣል። ጋዶሊኒየም ያለበት ንጥረ ነገር በደም ሥር ይሰጥና እብጠቱ እንዴት እንደሚቀበለውና እንደሚለቀው በተከታታይ ምስሎች ይታያል። ካንሰር ያልሆነው ፕሊዮሞርፊክ አዴኖማ ብዙውን ጊዜ ቀስ እያለ ይደምቃል። ሌላው ካንሰር ያልሆነ እብጠት፣ ዋርቲን፣ ፈጥኖ ደምቆ ፈጥኖ ይደበዝዛል። ካንሰር ግን በአብዛኛው ቶሎ ይቀበልና በዝግታ ይለቃል። የተለመደው መለያ 30 በመቶ ነው፦ ቶሎ የደመቀው እብጠት ከዚያ በላይ ከለቀቀ ዋርቲን፣ ከዚያ በታች ከሆነ ካንሰር ይጠረጠራል። ጠባያቸው አንዳንዴ ስለሚመሳሰል ግን ቁርጡን የሚናገረው ናሙናውን በማይክሮስኮፕ የሚመረምረው ፓቶሎጂስት ነው።