ቆጣሪው አንደበት ሲያገኝ

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ኤሌክትሪክ፣ ውኃና ጋዝ ለሽያጭ ወደየቤቱ መግባት ከጀመሩበት ጊዜ አንሥቶ በሻጩና በገዢው መካከል ዳኛ ሆኖ የኖረው ቆጣሪ ነው። ሃንጋሪያዊው መሐንዲስ ኦቶ ብላቲ በ1889 ለኤ.ሲ. ከረንት የሠራው ቆጣሪ የዚህ ታሪክ ዋነኛ ምዕራፍ ሲሆን፣ ባለተሽከርካሪ ዲስክ የሆነው ይኸው የቆጣሪ ዓይነት ከመቶ ዓመት በላይ በዓለም ዙሪያ አገልግሏል። ይሁን እንጂ ቆጣሪው መቁጠሩን ይቁጠር እንጂ የቆጠረውን የሚናገርበት አንደበት አልነበረውም። አንባቢው በየወሩ በር እያንኳኳ ቁጥሩን መገልበጥ፣ ቤቱ ተዘግቶ ሲያገኘውም ሂሳቡ በግምት መሠራት ነበረበት።

ለቆጣሪው አንደበት ከሰጡት ባለሙያዎች አንዱ ግሪካዊው የፈጠራ ሰው ቴዎዶር ፓራስኬቫኮስ ነው። ፓራስኬቫኮስ ከ1968 ጀምሮ ይደክምበት የነበረው ጉዳይ የደዋዩን ቁጥር ለተቀባዩ የሚያሳውቅ የቴሌፎን መሣሪያ ነበር። በ1972 በአላባማ፣ በሃንትስቪል ከተማ ከቦይንግ ኩባንያ ጋር ሲሠራ ግን፣ የደዋይን ቁጥር ማስተላለፍ የሚችል መስመር የእሳትና የሌባ ማስጠንቀቂያን፣ እንዲሁም የቆጣሪን ንባብ ለማስተላለፍ እንደማያንስ ተገነዘበ። ለዚሁ ሥራው በ1974 የአሜሪካን ፓተንት አገኘ። በ1977ም ሜትሬቴክ የተባለውን ኩባንያ አቋቁሞ፣ ቆጣሪን ከሩቅ የሚያነብና የኃይል ጭነትን የሚቆጣጠር፣ በአይ.ቢ.ኤም. ሚኒ ኮምፒዩተር የሚመራ ሥርዓት ለገበያ አቀረበ። የ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ ገና ያልተረሳ በመሆኑ፣ ኃይል መቼና ምን ያህል እንደሚባክን ማወቅ የወቅቱ አንገብጋቢ ጥያቄ ነበር።

የቴሌፎን ሽቦ ግን ሁሉም ዘንድ አይደርስም። በተለይም የውኃ ቆጣሪ በእርጥብ ጉድጓድ ውስጥ የሚቀመጥና የኤሌክትሪክ መስመር በአጠገቡ የሌለው ነው። መፍትሔው የራዲዮ ሞገድ ሆነ። በባትሪ የሚሠራ አነስተኛ ማሠራጫ አብዛኛውን ጊዜ ኃይሉን ቆጥቦ ይቆያል፤ መልእክቱንም ከሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ልኮ ዝም ስለሚል አንዱ ባትሪ ለዓመታት ያገለግላል። በመጀመሪያ በመንገድ የሚያልፍ መኪና ንባቡን እየለቀመ ይሄድ ነበር። ቀጥሎ በምሰሶ ላይ የተተከሉ ቋሚ መቀበያዎች መጡ። ኋላም አንዱ ቆጣሪ የጎረቤቱን መልእክት ተቀብሎ የሚያሳልፍበት የመረብ ዘዴ ተስፋፋ። በዚህም በወር አንድ ጊዜ ይገኝ የነበረው ቁጥር በየሰዓቱ፣ አልፎም በየሩብ ሰዓቱ የሚገኝ ሆነ። የሚያፈስ ቧንቧና የተቋረጠ መስመርም ደንበኛው አቤት ሳይል የሚታወቅበት መንገድ ተከፈተ።

በንባብና በንባብ መካከል ያለው ጊዜ ማጠሩ ሌላም ትርጉም እንዳለው ቀድሞ የተረዳው የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተመራማሪ የነበረው ጆርጅ ሀርት ነው። ሀርት በ1980ዎቹ፣ ከፀሐይ ኃይል ጥናት ጋር በተያያዘ የመኖሪያ ቤቶችን ፍጆታ ሲመረምር፣ ማቀዝቀዣው ሲነሣና ማሞቂያው ሲጠፋ ጠቅላላው ጭነት እንደ ደረጃ ከፍና ዝቅ እንደሚል፣ የየዕቃውም እርምጃ መለያ እንዳለው አስተዋለ። በመሆኑም በየዕቃው ላይ መለኪያ ሳይተከል ከአንድ ቦታ ብቻ የቤቱን መሣሪያዎች ለይቶ የሚያውቅ ዘዴ ከባልደረቦቹ ጋር ሠርቶ በ1989 ፓተንት አገኘ። በዚያው ዓመት ይኸው ሰው ባሳተመው ጽሑፍ፣ ፈጠራው ለስለላ ሊውል እንደሚችል የሙያ ጓዶቹን አስጠነቀቀ። እርግጥ የሩብ ሰዓት ንባብ እያንዳንዱን ዕቃ አጥርቶ አያሳይም፤ ነገር ግን ቤተሰቡ መቼ እንደሚነሣ፣ መቼ እንደሚተኛና ቤቱ ባዶ የሚሆንበትን ቀን ለመናገር ይበቃል።

ማስጠንቀቂያው ከንቱ አልነበረም። በ2009 የኔዘርላንድስ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አዲሱን ቆጣሪ በየቤቱ በግዴታ የሚያስተክለውን ረቂቅ፣ የቤትን ገመና ይጋፋል የሚል ተቃውሞ ስለበረታበት ሳያጸድቀው ቀረ። ረቂቁ በ2011 የጸደቀው ደንበኛው እምቢ የማለት መብት እንዲኖረው ተደርጎ ከተሻሻለ በኋላ ነው።

ከዚህ ታሪክ ለሙያው የሚተርፈው ትምህርት ግልጽ ነው። ቁጥሩ በየስንት ጊዜው ይላክ፣ ማን ዘንድ ይድረስ፣ ስንት ጊዜስ ይቀመጥ የሚሉት ጥያቄዎች መልስ የሚያገኙት ቆጣሪው ተተክሎ ካለቀ በኋላ ሳይሆን ገና በመሐንዲሱ የንድፍ ጠረጴዛ ላይ ነው። ብክነትን ለመግታት የሚበቃውን ያህል ለክቶ፣ ከዚያ ያለፈውን ለባለቤቱ መተው የጥሩ ንድፍ አንዱ መመዘኛ ነው።